የተሰረዘችው መስመር

የሚችለውን ተናግሮ የማይችለውን የሸሸገ ሰው ግማሽ እውነት የተናገረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሙሉ ውሸት ዋሽቷል። ፍቅርም ቢሆን ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። የሐመልማልና የቢራቱ ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

ሐመልማል አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር በሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች። ሥራዋ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን፣ ማለትም አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን፣ በጽሑፍ መግለጽ ነው። የክሊኒክ ቀጠሮ የሚያስተካክለው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳት መሣሪያውን በዓይኑ አያይም፤ ስለ መሣሪያው የተጻፈለትን አንብቦ ይሠራል እንጂ። የተጻፈለት ከጎደለ ሥራውም ይጎድላል። ስለዚህ ሐመልማል የጻፈችውን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ቅመም ለሚሸጡት አክስቷ፣ ለእትዬ አስካለች፣ ታነብላቸዋለች። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት እትዬ አስካለች ከተረዱት፣ ያ ገለጻ ደኅና ነው።

ቢራቱንም ያገኘችው እዚያው ገበያ ነው። በድርጅቱ ላይኛው ፎቅ የፕሮግራመሮች ቡድን መሪ ነበር፤ በስም እንጂ በመልክ አይተዋወቁም። ሚጥሚጣ ሊገዛ እንደቆመ፣ እርሱ ራሱ የሠራው መሣሪያ ገለጻ ሲነበብ ሰማ።

«‹ቀጠሮ አዛውር› የሚባለው የታማሚውን ቀን ወደ ሌላ ቀን ይለውጣል» አለች ሐመልማል።

«ካዛወረ በኋላስ? የቀድሞው ቀን ይጠብቀዋል?» ሲሉ ጠየቁ እትዬ አስካለች።

ሐመልማል ወረቀቷን አገላበጠች። ከበስተኋላዋ አንድ ድምፅ መለሰላቸው። «አይጠብቀውም። ወዲያው ለሌላ ወረፋ ጠባቂ ይሰጣል፤ አይመለስም።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ። ቢራቱ እባላለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሳትነግራት ኖረሃል? እኔ እንኳ ሚጥሚጣ ስሸጥ ‹ከልጅ አርቂው› ሳልል አልሰጥም!»

ቢራቱ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከሐመልማል ላይ አልተነሣም። እርሷም ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ አንድ መስመር ጨመረች፤ «ታማሚው በግልጽ ሳይፈቅድ አትጠቀም፤ የተለቀቀ ቀን አይመለስም» የሚል።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ፓርክ፣ በባሕር ዛፉ መካከል አብረው መሄድ ጀመሩ። ቢራቱ ስለ ተወለደበት ስለ ጊምቢ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስላሸነፋቸው ነገሮች ያወራላታል። ሁሉም ያማረ ነበር።

«ስለ ራስህ የምትነግረኝ ሁሉ ጥሩ ጥሩው ነው» አለችው አንድ ቀን። «ጉድለትህስ?»

«ጉድለት የለኝማ!»

ሐመልማል ሳቀች። ያን ቀን ባትስቅ መልካም ነበር።

በግንቦት ረዳቱ ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አርባ አንድ ሕሙማን ተራቸውን አጡ። «ዓርብ ቦታ ይኖራል ወይ?» ብለው ብቻ ቢጠይቁት፣ ረዳቱ ሳያስፈቅድ ቀጠሯቸውን አዛውሮ የነበራቸውን ቀን ለሌላ ሰው ሰጥቶባቸዋል። ገለጻው ሲመረመር ያቺ የማስጠንቀቂያ መስመር የለችም።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ደብሪቱ ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ሐመልማል፣ ገለጻው በስምሽ ነው። እስከ ሰኞ በቂ ምላሽ ካላመጣሽ ከእኛ ጋር መቆየትሽ አይሆንም።»

«ጽፌው ነበር፣ ወይዘሮ ደብሪቱ።»

«የት አለ ታዲያ?»

ሐመልማል ቀና ብላ ቢራቱን አየችው። እርሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያን ጊዜ መስመሯን ማን እንደሰረዛት ዐወቀች። ስሙን ግን አልጠራችም፤ እውነቱ ከገዛ አፉ እንዲወጣ ፈልጋ ነው። ያን እሑድ ወደ እንጦጦ አልወጣችም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ስትገባ፣ ቢራቱ ቀድሟት ቆሞ ነበር። ያልተኛ ሰው ይመስላል።

«የሰረዝኳት እኔ ነኝ» አለ። «ለደንበኞች በምናሳይበት ቀን መሣሪያዬ እንከን ያለበት እንዳይመስል ብዬ ነው። እርሷ አስጠንቅቃ ነበር። ዓርብ ዕለትም መናገር ሲገባኝ ፈራሁ።»

ሐመልማል በሩን ዘግታ ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ወደ ፓርኩ ወጣች። እርሱም እዚያ ነበር፤ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት።

«ምንድን ነው?»

«የእኔ ገለጻ ነው። ምንም አልሰረዝኩበትም።»

እንዲህ ይላል፦ «ቢራቱ ይሠራል፤ ይወዳል። ሲፈራ ዝም ይላል። ጥፋቱን ለማመን ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ይህን ሳታውቂ አትቀበዪው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቃት ቢታገል አጥብቃ ያዘችው።

«ሦስቱ ቀን ወደ አንድ ይወርዳል?»

«ይሞከራል።»

«እንግዲያው ‹ይሞከራል› የሚለውንም ጻፈው።» እስክሪብቶዋን አቀበለችው። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነም ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡ። እትዬ አስካለች መጀመሪያ የሚጠይቁት ጉድለትህን ነው።»

ድርጅቱ የጣለበት ቅጣት ደግሞ ይህ ነበር፦ ቢራቱ ከቡድን መሪነቱ ወረደ፤ ለአርባ አንዱም ሕሙማን እየደወለ፣ ስሙንና ጥፋቱን እየተናገረ፣ ይቅርታ እንዲጠይቅ ታዘዘ። አንዳንዶቹ ሰደቡት፤ አንዳንዶቹ ዘጉበት፤ አንድ አዛውንት መረቁት። ሐመልማል አጠገቡ ተቀምጣ ስሞቹን በየተራ አነበበችለት፤ በእርሱ ፈንታ ለመናገር ግን ስልኩን አንድም ጊዜ አልተቀበለችውም።