ብርጭቆ የተጫናቸው ካርታዎች

ሰላሁን ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሲሞት፣ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ሊጫወቱ ይዞት የመጣው ጓደኛው ባፈና መታጠቢያ ቤት ነበር። ጩኸት ሰምቶ ሮጠ። በረንዳው ላይ ማንም የለም፤ ቁልቁል ሲያይ ግን ሰላሁን መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ወለተሰንበት መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ነው። ቀኝ መዳፉን ገልጣ ብዙ ቆየችበት። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ፣ አብረውት የተጫወቱትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ማድ ቤቱ ጠራች።

ባፈና ፊቷ ሲቀመጥ ከንፈሩ ደርቋል።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ሰላሁን እየተበላ ነው የዋለው። በመጨረሻ ኦል ኢን አለና በገንዘብ ፈንታ የምናስይዘውን፣ የቀረውን ቺፕስ ሁሉ ገፋው። እኔና ሁመድ ካርታችንን ጣልን። የቤቱ ባለቤት ፈቃደ ግን ዓይኑን ሳያሽ እኩል አስይዞ ተቀበለው። ሰላሁን ትክ ብሎ አየው። ካርታዎቹን እንደተደፉ ብርጭቆ ጫነባቸውና፣ ‹ማንም እንዳይነካቸው፤ አየር ወስጄ ልምጣ› ብሎ ወጣ።»

«ያኔ ማን የት ነበር?»

«እኔ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ፣ ሁመድ ደረጃው ላይ ስልክ ያወራል፣ ፈቃደ ሻይ ልጣድ ብሎ እዚህ ገባ።»

«ከሰላሁን ጋር ተጣልታችኋል?»

«በቃ እንሂድ ብዬ ጮኼበታለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ምስክር የለኝም፣ ኢንስፔክተር። እኔ ገፋሁት ሊሉ ነው።»

«ሁመድን ጥራልኝ» አለችው።

የጨርቅ ነጋዴው ሁመድ በዚያ ሰዓት ከወንድሙ ጋር ማውራቱን በስልኩ አሳይቷት ወጣ። ፈቃደ ሲገባ በሩ ክፍት ስለነበር ባፈና ሁሉንም ሰማ።

«ምኑ ይመረመራል? ራሱን ነው የወረወረው። እንደ ሁለትና ሰባት ያለ ተራ ካርታ ይዞ ያለውን ሁሉ ያስይዛል? ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው!»

ባፈና ራሱን ጠየቀ። እውነት ይሆን? ‹እንሂድ› ሲለው ጎትቶ ባወጣው ኖሮ...

ወለተሰንበት በረንዳውን አይታ ተመለሰች። ብርጭቆውን አንስታ ካርታዎቹን ገለጠቻቸው፤ ጀርባቸውንም ወደ መስኮቱ አስጠግታ መረመረች። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሰላሁን ራሱን አልገደለም» አለች። «መዳፉን ገመድ ልጦታል። የወደቀው የበረንዳውን የልብስ ማስጫ ገመድ በጥሶ ነው። ሞት የፈለገ ሰው ገመድ አይጨብጥም።»

ባፈና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ባፈና፣ ምን ካርታ ይዞ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ሁመድ?»

«እንዴት አድርጌ? ተደፍተው ነበር እኮ።»

«እኔ እስካነሳቸው ድረስም ማንም አልነካቸውም። እርጥቡ ብርጭቆ ካርታዎቹ ላይ አንድ ክብ ብቻ ነው የተወው፤ ተነስቶ ቢመለስ ኖሮ ሁለት ይሆን ነበር። ፈቃደ ግን ሁለትና ሰባት ናቸው አለኝ። ልክ ነው። ከየት አወቅህ? ከጀርባቸው። ጥጋቸው ላይ የጥፍር ምልክት አለ።»

ፈቃደ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ሰላሁን ደርሶብሃል። በማይረባ ካርታ ኦል ኢን ያለው ሊፈትንህ ነው፤ ምንም እንደሌለው አይተህ ሳታመነታ እኩል አስያዝክ። ሻይ እጥዳለሁ ብለህ ወደ በረንዳው ተከተልከው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ የለም።»

«‹ገብቼ ለሁሉም አሳያቸዋለሁ› አለኝ» አለ ፈቃደ፣ ላብ አጥምቆት። «ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

ካቴና ገባለት። ወለተሰንበት ወደ ባፈና ዞረች። «ለቤተሰቡ ማን ይነግራል?»

«ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ባፈና።

የሰላሁን ሚስት ማሂ ልደታ ማርያም አጥር ሥር ጧፍ ትሸጣለች። ባፈናን ከሩቅ አይታ ሳቀች።

«ባፌ! ያንን ሰውዬ የት ጥለኸው መጣህ?»

ባፈና ጧፎቿን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁለት እጇን ያዘ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።