የተሸፈነው ስክሪን

እንግዳ የተባለው የኮምፒውተር አስተማሪ በገዛ ክፍሉ፣ ከመጨረሻው ጠረጴዛ አጠገብ በጀርባው ወድቆ ተገኘ። በቀኝ እጁ ካቻቪቴ ይዟል። አጠገቡ አንድ ኮምፒውተር የጎን ክዳኑ ተፈቶ፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ቆሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የጠረጴዛው ብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል።

መጀመሪያ የደረሱት ሰዎች ብዙ አልተጨነቁም። ዝናብ ዘንቦ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰውየው ኮምፒውተር ሲፈታ መብራቱ ድንገት መጥቶ መታው፤ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ጠርዙን አገኘው። የክፍሉን መስመር የዘረጋው ሙስአብ የተባለ ወጣት ኤሌክትሪሻን ነው። ስለዚህ ሙስአብ ታሰረ።

ኢንስፔክተር ሩሃማ ከይርጋጨፌ ተጠርታ ዲላ ስትደርስ የሙስአብ እህት ኢክራ በክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እህቴ፣ ወንድሜ ነገ አቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀርባል አሉኝ። በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ይሉታል። ከሁሉ የባሰው እሱም ማመን ጀምሯል።»

«ምን ይላል?»

«በጣቱ ግድግዳው ላይ ገመድ ይስላል። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ጠፋኝ ይላል። የወሰድኩለትን ምግብ እንዳለ መለሰልኝ።»

ሩሃማ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ክፍሉን ስትዞር፣ ስትመለስ፣ ደግሞ ስትዞር ቆየች። ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። መንገዱ አስፋልት ስለሌለው ቀዩ አፈር በደረቅ ቀን አቧራ ሆኖ ይገባል፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ስክሪን ሰማያዊ የጨርቅ ሽፋን ተሰፍቶለታል። አምስቱ ስክሪኖች ራቁታቸውን ናቸው። ሽፋኖቻቸው ወንበር ላይ ተወርውረዋል። አስተማሪው አጠገቡ የሞተበት ኮምፒውተር ስክሪን ብቻ ተሸፍኗል። የሽፋኑ ሁለት ጫፎች ነፋስ እንዳይገልጠው ከስክሪኑ እግር ስር ተወትፈዋል።

«ከእናንተ ይህን የሸፈነ አለ?» ስትል ክፍሉን የሚጠብቀውን የፖሊስ ዘብ ጠየቀችው።

«እኛ ሬሳውን እንጂ ሌላ ነገር አልነካንም።»

ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አበራች። አምስቱ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አወጡ። ስድስተኛው ግን ያለ ምንም ጽሑፍ ተከፈተ።

በዚያ ቀን ዝናቡ በግቢው በረንዳ ላይ ያቆያቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሩሃማ መጀመሪያ የኮሌጅ ተማሪውን ኤልሮኢን አስጠራች። ወጣቱ ጥቁሩን ስክሪን ከሩቅ አይቶ ፈገግ አለ።

«አኩርፏል።»

«ማን?»

«ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ይሄን ብረት የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቆርቆሮ ነው። ዝጋ ሲሉት ፕሮግራሙን አስቁሞ፣ ፋይሉን ሰብስቦ ነው የሚተኛው። በመሀል መብራት ከሄደበት ወይም ከነቀሉት፣ በነጋታው ሲነሳ በሥርዓት አልዘጋችሁኝም ብሎ ይከስሳል። የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው።»

«በመጨረሻው ኮምፒውተር ላይ ማን ይሠራ ነበር?»

«እኔ። ሥራዬን ሴቭ ሳላደርገው መብራት እልም። ተነጅሼ ነው የወጣሁት።»

«መብራቱ ሲመጣስ?»

«ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ስንወጣ ቲቸር ብቻውን ቀርቷል ብዬ ነው የማስበው።»

«እሱ የራሱን ኮምፒውተር እንዴት ነበር የሚዘጋው?»

ኤልሮኢ ሳቀ። «ቲቸር? በአውራ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ያንቀዋል። ‹ቄሱ የሚላችሁን አድርጉ እንጂ የሚያደርገውን አታድርጉ› ይለናል። ሽፋን ሲያለብስም አይቼው አላውቅም።»

ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት አቶ ዘከርያ ገቡ። ሁለት ሚኒባስ አላቸው፤ የመኪናቸውን ቁልፍ በጣታቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«ክፍሉን ልቀቅ ብለውት ነበር ይባላል» አለች ሩሃማ።

«ብያለሁ። ለሚስቴ ወንድም ሱቅ ላደርገው። እሱ እንቢ አለ፣ እኔ ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ምን ልደብቅሽ? ግን ወላሂ በጣቴ አልነካሁትም። ሲያባራ ለሶላት ወጣሁ።»

«ማን ቀረ?»

«ጀርባዬ ዓይን የለውም።»

የመጨረሻው አቶ ሽብሩ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«በዚህ ዕድሜዎ ኮምፒውተር ለምን ጀመሩ?»

«መሥሪያ ቤታችን ሥራውን ሁሉ በእሱ ሊያደርግ ነው። እዚህ የሚሰጠውን ፈተና ያላለፈ ወደ ገጠር ይዛወራል። ሚስቴ ታማለች። እዚህ ሆስፒታል እየተመላለሰች ነው። ከዲላ መራቅ አልችልም።»

«አስተማሪው እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ዐዋቂ ነው። ይስቃል እንጂ። ማውሱን ስይዝ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ‹ጋሽ ሽብሩ፣ ይቺ አይጥ አትነክስም› ይለኛል። ልጆቹ ሁሉ ይስቃሉ።»

«መቼ ሄዱ?»

«እንዳባራ። ከሌሎቹ ጋር።»

«ሙስአብን ያውቁታል?»

አቶ ሽብሩ ኮፍያቸውን አገላበጡ። «ጨዋ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ይርዳው።»

ከሰዓት በኋላ ሩሃማ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ኢክራም መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። የተፈታው ኮምፒውተር እንደተፈታ፣ እንደተሰካ ነው፤ የስክሪኑን ሽፋን ብቻ ሩሃማ አንስታ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች።

«ሙስአብ ነገ ከመቅረቡ በፊት መስመሩ ይፈተሽ» አለች። «እያንዳንዳችሁ ይህን ኮምፒውተር አብርታችሁ ዝጉት።»

«ሰው የገደለውን?» አሉ አቶ ዘከርያ። «ልጆች አሉኝ እኮ።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው» አለ ኤልሮኢ።

«እንግዲያው አንተ ጀምራ፣ ጀግናው።»

ኤልሮኢ አልጀመረም። በመጨረሻ አቶ ዘከርያ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አበሩት። ዝጉት ሲባሉ ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉትና ወደ ኋላ ዘለሉ። ሩሃማ መልሳ ሰካችው። ኤልሮኢ የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቱ ስቦ፣ ከብረቱ ርቆ ቆሞ አበራው። ሁለት ሦስት ቁልፍ መታ መታ አድርጎ ዘጋውና እስኪጠፋ ሳይጠብቅ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

አቶ ሽብሩ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ጉልበታቸው የተፈታውን ብረት ነካ። ግራ እጃቸውን ክፍት በሆነው ብረት ላይ አሳረፉ። አበሩት። ጠበቁ። ከዚያ እንደተማሩት ከታች ያለውን ምልክት ተጭነው፣ መዝጊያውን ፈልገው ዘጉት። ትንሿ መብራት እስክትጠፋ በትዕግሥት አዩዋት። ተነሡ፤ ሽፋኑን አራገፉ፤ ስክሪኑን አለበሱት፤ ሁለቱን ጫፎች ከእግሩ ስር ወተፉ።



«ልንገራችሁ» አለች ሩሃማ። እየተራመደች ነበር። «መብራት ሲጠፋ ስድስቱም እየሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ስድስቱም ሊያኮርፉ ይገባል። ይህኛው አላኮረፈም። መብራት ከመጣ በኋላ አንድ ሰው አብርቶት በሥርዓት ዘግቶታል ማለት ነው። የዘጋው አስተማሪው አይደለም። እሱ ማነቅ እንጂ መዝጋት አይወድም። ታዲያ ሁላችሁም ሄደናል ባላችሁበት ሰዓት ሌላ ሰው እዚህ ነበር።»

«ምናልባት ዘግቶ ሄዶ ይሆናል» አለ ኤልሮኢ። «ቲቸር ከዚያ በኋላ ፈትቶት...»

«ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ስክሪኑን ያያል። ይህ ተሸፍኗል። ክዳኑ የተፈታው ለጥገና አይደለም፤ ለእኛ ዓይን ነው። የፈታው ሰው ሽፋኑን ማንሣት ረሳ። ለእሱ የተዘጋ ኮምፒውተር መሸፈን አለበት፤ እጁ እንዲያ ለምዷል። እናንተ ሁለታችሁ ስትዘጉ ሽፋኑን ዞር ብላችሁም አላያችሁት።» ቆመች። «ሌላም አለ። ይህ ብረት ሰው እንደገደለ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አቶ ዘከርያ በፌስታል ነኩት፤ አንተ በእጅጌህ። ጋሽ ሽብሩ፣ እርስዎ ግን እጅዎን አሳረፉበት። እንዳልገደለ ያውቃሉ።»

አቶ ሽብሩ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«ፈተናውን እንድደግም ፈቀደልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መብራቱ መጣ። ሁሉን ሠራሁ። ፋይል ከፈትኩ፣ ስም ሰጠሁ፣ ወደ ቦታው አዛወርኩ። ዘጋሁ። ሸፈንኩ። አንድም አልተሳሳትኩም። ሳቀ። ‹ማጥፋቱን ችለዋል፤ ሌላውን በሚቀጥለው ዙር› አለኝ። በሚቀጥለው ዙር እኔ ዲላ የለሁም። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«መግፋቱ የአፍታ ነገር ነው። ካቻቪቴውን እጁ ላይ ያስያዙት ግን አስበው ነው። ሙስአብ ሲወሰድም ቆመው አይተዋል።»

«ሚስቴን ማን ያስታምማት?»

ሩሃማ ወደ በሩ ተመለከተች። ኢክራ አታለቅስም። አቶ ሽብሩ እሷን ማየት አልቻሉም። ኮፍያቸውን አንሥተው ከዘቡ ፊት ወጡ።

ጣቢያው ውስጥ ሙስአብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። በሩ ሲከፈት አልተንቀሳቀሰም።

«ውጣ» አለችው ሩሃማ። «ሰውየው ተገፍቶ ነው የሞተው።»

«ገመዴ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ግራውን መስመር... የግራውን አይታችሁታል?»

«ሙስአብ፣ ገመድህ ማንንም አልገደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። አንድ እርምጃ ወደ በሩ መጣ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ኢክራ አጠገቡ ተቀመጠች። ሩሃማ ውጪ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ተነሡ አላለቻቸውም።