ባለማዕበሉ ግንድ

ሁለቱ ወንድማማቾች ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ገመድ ነበር።

«ስንት ክንድ ይዘሃል፣ ጋሼ?» አለ ታናሹ፣ ታንኳዋን ወደ ዳር እያስጠጋ።

«ስልሳ።»

«አይበቃም። ግድ የለም፣ ግባ፤ ዝናቡ ደርሶብናል።»

መተቃቀፍ የለ፣ እንዴት ከረምክ የለ። ታላቁ በጆንያ የጠቀለለውን የአባታቸውን ባለሁለት እጀታ መጋዝ ታንኳዋ ወለል ላይ አጋደመ፤ መጥረቢያውንና አራት የብረት ሽብልቆችን ከጎኑ ሸጎጠ፤ የስንቁን ከረጢት ጉልበቱ መሐል ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ታናሹ ከኋላ ሆኖ በመቅዘፊያው ዳሩን ገፋና ሽቅብ ጉዞ ጀመሩ።

ታላቁ ጊታር ሠሪ ነው። በከተማው «ጆሮ» ይሉታል። ጣውላ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ፣ «ይሄ ይዘፍናል፤ ያኛው በር ይሁን» ብሎ ሲፈርድ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይባልለታል። ታናሹ በላይኛው ወንዝ ሰውና ዕቃ የሚያሻግር ጀልበኛ ነው። ከሳምንት በፊት በአንድ መንገደኛ አፍ፣ «ባለማዕበሉ ወድቋል፤ እንጨት ነጋዴዎች ሳይቀድሙን ቶሎ ና» ብሎ የላከው እሱ ነው።

ባለማዕበሉ ከሁለት ቀን መንገድ በላይ፣ ወንዙ ከገደል በሚወጣበት አፍ ላይ የቆመ ዛፍ ነበር። ጎረምሶች ሳሉ አባታቸው ወስዶ አሳይቷቸዋል። ያኔ ከደረቀ ቅርንጫፉ አንድ ክንድ ተኩል ቆርጠው በየተራ ተሸክመው መጡ። አባትየው እንጨት ቤቱ ውስጥ ሰነጠቀው፣ ላገው፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አበስ አደረገው። ሁለቱም ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሷትም። ከደረቁ ጣውላ ውስጥ ነፋስ የነካው ኩሬ የመሰለ ሞገድ ብድግ አለ። ጣውላውን ሲያዘነብሉት ሞገዱ ይሄዳል፤ ሲመልሱት ይመለሳል። ከዚያ እንጨት አንዲት ጊታር ወጣች፤ አባታቸው እስኪሞት ድረስ ሌላ ጊታር በእጁ ይዞ አልዘፈነም። ዛፉን በቁሙ መቁረጥ ግን እምቢ አለ። «ራሱ የወደቀ ቀን የናንተ ነው» አላቸው። የናንተ ነው ያለው፤ ያንተ አላለም።

አባትየው ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተለያዩ። ታናሹ ያጣበቀው የጊታር ፊት ተሰነጠቀ፤ ታላቁም ደንበኞች ፊት፣ «አንተ እጅ እንጂ ጆሮ አልተሰጠህም» አለው። ታናሹ ሽርጡን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። እንደ ወጣ ቀረ።

ዝናቡ የያዛቸው የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሳያልፉ ነው። ወንዙ ደፈረሰ፣ አበጠ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ እያንከባለለ ቁልቁል መጣባቸው። ከቀትር በኋላ የግራው ዳር በአንድ ጊዜ ተናደና ግማሽ ኮረብታ ውሃው ላይ ተደረመሰ። ያስነሳው ማዕበል ታንኳዋን አንሥቶ ቄጠማ ውስጥ ወረወራት፤ የስንቁን ከረጢት ውሃ በላው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በእግር ሆነ። ታንኳዋን በጭቃ ጎተቱ፣ በእሾህ መሐል ገፉ፣ ወደቁ፣ ተነሡ፣ ደግሞ ጎተቱ። ከናዳው በላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ተልጦ ነበር።

ታንኳዋን ገልብጠው ከሥሯ ተጠለሉ። ታናሹ ከጃኬቱ ኪስ የረጠበ ዳቦ አውጥቶ ለሁለት ገመሰ። እየበሉ ሳለ ወሬው ራሱ መጣ። የአባታቸውን የሙጫ ድስት አነሡ፤ እናታቸው ሾርባ መስሏት ጨው የጨመረችበትን ቀን፣ አባታቸውም ምንም ሳይናገር በዚያው ሙጫ አጣብቆ፣ «ይቺኛዋ ጣፋጭ ትዘፍናለች» ያለውን። ሲልግ የሚያንጎራጉራትን፣ መጨረሻዋን ግን አንድም ቀን የማያውቃትን ዘፈን አነሡ። ክረምት ሲገባ እንጨት ቤቱ እንዴት ይሸት እንደነበር፤ እናታቸው ከእራት በፊት ደጅ አቁማ ከፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ እንዴት ታራግፍላቸው እንደነበር። ታላቁ ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ወንዙ በሸምበቆ መሐል ሰፍቶ ከሚተኛበት ቦታ ደረሱ። ታናሹ ከኋላ፣ «ወደ ቀኝ» አለ። ታላቁ እንደ ቀድሞው ቀዘፈ። «ጋሼ፣ ቀኝ!» አሁንም ቀዘፈ። ከግራቸው አሥር ክንድ ራቅ ብሎ ውሃው ፈላ፤ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ቀጥሎ የጉማሬ አፍ እንደ ቤት በር ተበረገደ። ታናሹ የወንድሙን ትከሻ በመቅዘፊያው መታ። ታላቁ ዘወር ብሎ አየ። ሁለቱም ባላቸው ኃይል ወደ ቀኝ ቀዘፉ። አውሬው ጠለቀ፤ ታንኳዋ ከሥሯ ተመታች፣ ኋላዋ ተነሣ፤ ዳግም ብቅ ሲል ጥርሱ ከጠርዟ ሁለት ስንዝር ገምሶ ወሰደ። ታናሹ መቅዘፊያውን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ጉማሬው እያጓራ እስኪዞር ሸምበቆው ውስጥ ዘለው ገቡ፤ ታንኳዋን እየጎተቱ ደረቅ መሬት ረገጡ።

ታናሹ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

«ሁለቴ ጠራሁህ።»

«ውሃው ጮኸብኝ።»

«ውሃው ዝም ብሏል፣ ጋሼ።»

ታላቁ የተገመሰውን የታንኳ ጠርዝ በጆንያ ቁራጭ ጠቀጠቀና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ዛፉ ጋ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ባለማዕበሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ገደሉ አፍ ላይ ተጋድሟል፤ ቆመው ሲያዩት ውፍረቱ ደረታቸው ይደርሳል። ታላቁ እንደ ዘመድ አስከሬን በዝግታ ቀረበው። መዳፉን ልጡ ላይ አሳረፈ፤ በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጠፈ። እንደገና አንኳኳ። ታናሹ ፊቱን ያይ ነበር።

«ምን ይላል?» አለው፣ ቀርቦ፣ ጮክ ብሎ።

ታላቁ ቀና አላለም። «እንጃ» አለ። «ሦስት ዓመቴ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ጨርሶ ተዘግቷል፤ ግራው ቀርበው ካልጮኹለት አይሰማም። ለማንም አልተናገርኩም። ጊታር እሠራለሁ፤ ሰው ያመሰግናል። የሚሰሙት ግን ስሜን ነው እንጂ ጊታሯን አይደለም። እንጨቱ ጥሩ ከሆነ ነውሬን ይሸፍንልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ታናሹ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆዱ ሲያብላላው የኖረ መልስ ነበረው፤ ቀኑም ዛሬ ነበር። እሱን ግን ተወው። ከዚያ ግንዱን ራሱ አንኳኳ። ወደ ሥሩ ሄደ፣ አንኳኳ፤ ተመለሰ፣ አንኳኳ።

«ይደውላል» አለ። «ወደ ታች ወፈር ይላል። እዚህ ጋ፣ ከቋጠሮው በላይ፣ ልክ እንደ አባባ ጊታር ነው።»

መጋዙን ከጆንያው ፈትቶ አንዱን እጀታ ለወንድሙ አቀበለ።

ባለሁለት እጀታ መጋዝ አይገፋም፤ ይሳባል። የገፋ ወንድሙን ያሰናክላል፤ የአባታቸው የመጀመሪያ ትምህርት ይቺ ነበረች። መጀመሪያ ላይ መጋዙ እየተያዘ አስቸገራቸው። ቀስ በቀስ ግን የድሮው ምት ተመለሰ፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ሲለቅ አንዱ ይስባል። ሰጋቱራው እግራቸው ላይ ሲዘንብ ያ የጥንቱ ሽታ ብድግ አለ፤ ታላቁም አባቱ ከኋላው የቆመ መሰለውና ዞር አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ግንድ አወጡ፤ አንዱ የሥሩ፣ ወፍራሙ፤ ሌላው ከቋጠሮው በላይ፣ ቀጭኑ። በተቆረጠው ፊት ላይ ውሃ ሲረጩ ማዕበሉ ታየ። የወፍራሙ ይበልጥ የጠበቀ፣ ይበልጥ ሕያው ነበር። ታላቁ አፉን በእጁ ያዘ።

በማግስቱ ማለዳ ግንዶቹን በሽብልቅና በመፈንቀያ አንከባለው ውሃው ውስጥ ጣሉ። ታላቁ ወፍራሙ ግንድ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን ልጡ ላይ አሳርፎ ገመዱን ሲያስር በድንገት ቆመ።

«ሞተር እየመጣ ነው» አለ።

ታናሹ አዳመጠ። ከወንዙ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። «አንተ ነህ ሞተር የምትሰማው?»

«በጆሮዬ አይደለም። በአገጬ ነው፤ እንጨቱ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ታናሹ ሊስቅ ሲል ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ የሞተር ጀልባ ጉርምርምታ ተሰማ። ገመዱን በጥድፊያ ቋጠሩት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ የነሱ ግን ጭራሽ እንዳይፈታ ሆኖ ተተበተበ። ታንኳዋን ወደ መሐል ሲያወጧት ጀልባዋ ደረሰች። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት የሞተር መጋዝ፤ አለቃቸው ባለባርኔጣ፣ እንጨት ነጋዴ ነው። ዛፉን ከአሥር ቀን በፊት እኔ ነኝ ያየሁት፣ ለበርና ለጠረጴዛ ተስማምቼበታለሁ አለ። ታናሹ፣ አባታችን ካንተ አርባ ዓመት ቀድሞ አይቶታል ብሎ መለሰ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለ ባለባርኔጣው፤ ገጀራውን መዝዞ ገመዱን ሊቆርጥ ተጠጋ።

ታናሹ ታንኳዋን ወደ ጉሮሮው አዞረ። ጉሮሮው ሲመጡ የተዉት የወንዙ ጠባብ ቅርንጫፍ፣ ውሃው በሁለት ቋጥኝ መሐል ተጨምቆ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ከታችኛው ጫፉ በስተግራ ውሃው ወደ ገደል ይዘላል፣ በስተቀኝ ረጋ ያለ ኩሬ አለ። ጀልበኞች እንኳ ዕቃቸውን አውርደው ነው የሚያልፉት። ውሃው ጎትቶ ዋጣቸው። አረፋ፣ ድንጋይ፣ አረፋ። ግንዶቹ ከኋላ እንደተቆጣ በሬ ይጋፋሉ። ታናሹ በእጁ ቀኝ ሲያሳየው ታላቁ ቀኝ፣ ግራ ሲያሳየው ግራ ይቀዝፋል፤ አሁን ቃል አላስፈለጋቸውም። ኩሬው ላይ እንደ ተተፋ ፍሬ ወጡና ታንኳዋን ቋጥኝ ላይ አሰሩ።

ባለባርኔጣው እልህ ይዞት ተከትሏቸው ገብቶ ነበር። የሞተሩ ተሽከርካሪ ምላስ ድንጋይ መታ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሁለቱ ሰዎች ቋጥኙ ላይ ተንጠለጠሉ። አለቃቸውን ግን ውሃው እያሽከረከረ ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ ይዞት ሄደ። አንዲት የተሰነጠቀች ድንጋይ በሁለት እጁ ያዘ፤ እጆቹ መሸራተት ጀመሩ።

እስከሱ የሚደርስ አንድ ገመድ ብቻ ነበር፤ ወፍራሙን ግንድ የያዘው። ታናሹ ወንድሙን አየው። ታላቁ ግንዱን አየ። አርባ ዓመት የጠበቁት፣ ነውሩን ይሸፍንልኛል ያለው ማዕበል እዚያ ነበር፣ እርጥብ፣ በፀሐይ የሚብለጨለጭ። ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረ፤ እምቢ አለው። መጥረቢያውን አነሣና ቆረጠው። ግንዱ ዞር አለ፣ አንድ ጊዜ ቀና አለ፣ ከዚያ ገደሉ ውጦት ሄደ። ታላቁ ገመዱን ሲወረውር ዓይኑ ግንዱ ላይ አልነበረም።

ሰውየውን ጎትተው አወጡት። ባርኔጣው የለም፤ ራሰ በራ ነበር። ብዙ ውሃ ከተፋ በኋላ ቀና አለ።

«ግንድህ ሄደ» አለ።

«አየሁት» አለ ታላቁ።

ሁለቱን ሰዎችም ከቋጥኙ አውርደው አብረው ቁልቁል ተጓዙ። በሁለተኛው ቀን ከታችኛው ወደብ ሲደርሱ ቀጭኑን ግንድ ከውሃ አውጥተው በትከሻቸው መኪና ላይ የጫኑት ያ ሰውዬና ሁለት ሠራተኞቹ ናቸው።

ግንዱን በከተማው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት በፈለጡት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። ማዕበሉ ከወፍራሙ የሳሳ ነበር፤ ነበር ግን። ታናሹ እያንዳንዱን ሳንቃ አንኳኩቶ መደባቸው፤ አሥራ አንድ ጊታር የሚያወጣ እንጨት ተገኘ። እስኪደርቅ ዓመታት መጠበቅ አለበት። ታናሹ ሳንቃዎቹ መሐል ቀጫጭን ዱላ እየደረደረ፣ ክምሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው የምቆየው አለ። ክምሩ አለቀ፤ እሱ ግን አልሄደም።

ታላቁ በዚያው ሳምንት ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጁ ለወጡ አሥራ አራት ጊታሮች ባለቤቶች አንድ ዓይነት ቃል ጻፈላቸው፤ ጆሮዬ ደክሞ ሳለ ደብቄያችሁ ነበር፣ ጊታሬን አምጡልኝ፣ ከወንድሜ ጋር እናስተካክለዋለን የሚል። ደብዳቤዎቹን ለጥፎ በዚያው ቀን ራሱ ላካቸው። ከሳምንት በኋላ «ጆሮ» የሚለው ስም በከተማው መቀለጃ ሆነ፤ ታላቁም አብሮ ሳቀ።

ዘጠኙ መጡ። አንዲት ዘፋኝ ግን የኔን አልመልስም ብላ ላከች፤ የባሌን ማንኮራፋት ለምጄ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ የጊታሬንም ለምጄዋለሁ ስትል።

የመጀመሪያዋን ጊታር የጀርባ ጣውላዋን ፈልቅቀው ጠረጴዛው ላይ አስተኟት። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ገብቷል። ታናሹ ጎንበስ ብሎ የፊት ጣውላዋን ከውስጥ በኩል በጣቱ አንጓ እየነካ አዳመጠ። ታላቁ ትንሿን መላጊያ ይዞ ጠበቀ።

«እዚህ ጋ ነው?» አለ።

«ትንሽ ዝቅ በል፣ ጋሼ። ደግሞ ወደ ግራ። እሱ ነው፤ እዚያ ነው የታፈነችው።»

ታላቁ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ አነሣ፤ ቀና ብሎም የወንድሙን ፊት አየ።

«ጨምር» አለ ታናሹ።

ጨመረ።