ለሦስተኛው እንግዳ የቀረበ ውሃ

ማመን ያቃተው አይመን። እኔ ግን አይቻለሁ... በገዛ ዓይኔ፣ በቀን ብርሃን።

ዘመኑ 1975፣ ወሩ ጥር። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። ቦታው ከቆቦ በላይ፣ ተራራው ላይ ያለች ወይራ አምባ የምትባል የሸማኔዎች ከተማ።

"ጨለማ አሳስቷት ነው" የሚል ካለ ከወዲሁ አፉን ይዝጋ።

ከታሂር ጋር ከተጋባን ገና መንፈቅ አልሞላንም። እሱ የቀበሌው ኪነት ቡድን ዋሽንት ነፊ፣ እኔ ቆቦ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። እና ማንም ሞኝ ሊያደርገኝ አይችልም ብዬ እኮራ ነበር።

ኮርቼ ሞቻለሁ!

ከቆላው ሙቀት ወጥተን ሳምንት እንረፍ ተባባልን። ሁለት ከተማ ታየን። አንዷ ጥድ ጉብታ፣ ዋሽንትና ማሲንቆ የማይጠፋባት። ሌላዋ ወይራ አምባ፣ ከየቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ የሚሰማባት። እኔ የጥለት አሠራራቸውን ለማየት ጓጉቻለሁ።

"ጥድ ጉብታ ነው" አለ ታሂር።

"ለምን?"

"አልኩ፤ አለቀ።"

የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ "የት ልበል?" አለ።

"ወይራ አምባ!" አልኩ፣ ታሂር አፉን ሳይከፍት።

ፊቱ አመድ መሰለ። የተናደደ መስሎኝ... ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ እንድሪስ ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ሲያሳድዱት፣ የልብ ጓደኛው ታሂር ነው ይዞት የወጣው። "ዋጃ ድረስ ሸኘሁት፤ መኪና ተሳፈረ፤ በሕይወት አለ" ብሎ ማለልን። እናቴ ልጄ ይመጣል ብላ ከዚያን ቀን ወዲህ በር ዘግታ አታውቅም።

እኔም ታሂርን ያገባሁት ለዚህ ውለታው ነው።

ዳገቱን ስንወጣ ወደኋላ እየዞረ ያያል።

"ምን ታያለህ?"

"ምንም።"

ያረፍነው እማማ ሀሊሜ ከሚባሉ የሸማኔ ሚስት ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ተቀበሉን።

"ግቡ፣ አብሽሩ... ሦስታችሁም ግቡ።"

ሳቄ መጣ። "ኧረ ሁለት ነን እማማ!"

ወደ ውስጥ አስገቡንና በርጩማ አወጡ።

ሦስት።

በወይራ አምባ ወግ፣ እግሩ የታጠበ እንግዳ የቤቱ ሰው ነው። ማንም አያስወጣውም፤ የመጣበትንም ጉዳይ ማንም አይከለክለውም። ታሂር ይህን ቀድሞ ያውቅ ኖሯል።

ታሂርን አጠቡት። እኔን አጠቡኝ። ውሃው ቀላ፤ የተራራው አፈር ነው። ገበቴውን ደፉና አዲስ ውሃ ቀዱ።

ወደ ባዶው በርጩማ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይሄኛው ያንቺ ነው። ልጠበው?"

ታሂር ክንዴን ጨመደደኝ። "አይሆንም በያቸው" አለ በሹክሹክታ።

"ባዶ በርጩማ እኮ ነው!"

"ኡሙሰልማ... በአላህ... አይሆንም በያቸው።"

ዓይኑን አየሁት። የሚያየው በርጩማውን አይደለም። ከበርጩማው ከፍ ብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ፊት የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው የፈጠጠው።

"ታሂር፣ እንድሪስን እውነት ዋጃ ድረስ ሸኝተኸዋል?"

ክንዴን ለቀቀኝ።

"ለማን ነው አሳልፈህ የሰጠኸው?"

ወደ በሩ አፈገፈገ...

ደሜ ፈላ። አምስት ዓመት እናቴን በር አስከፍቶ ያስቀመጠ ሰው! እጇን ስሞ ልጇን ያገባ ሰው!

"ይጠቡት" አልኩ።

"ቢስሚላህ" ብለው አፈሰሱ።

ውሃው አየር ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ቁርጭምጭሚት እንዳገኘ ሁሉ። ገበቴው ውስጥ ሲወርድ ጠቆረ። የቆላችን የዋልካ ጭቃ ነው... በዚያ በደረቅ ጥር።

እማማ ሀሊሜ እጃቸውን አቆሙ።

"ትንሿን ጣቱን ምን ነካት?"

የእንድሪስን የግራ እግር ትንሽ ጣት በልጅነቱ ማጭድ ቆርጧት ነበር። ለእሳቸው ማን ነገራቸው?

ታሂር በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ።

ሦስተኛው በርጩማ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ... የተቀመጠበት ሰው እንደተነሳለት ሁሉ ቀለል አለው።

ተከትዬ ወጣሁ። ግቢው አቧራ ላይ የታሂር እርጥብ ዱካ፣ የሩጫ። ከጎኑ ሌላ እርጥብ ዱካ፣ ግራው አራት ጣት። እሱ ግን አይሮጥም። ዝግ ብሎ ነው የሚራመደው።

ድንጋዩ ካብ ጋ ስደርስ የታሂር ዱካ አለቀ።

የሌላው ቀጠለ። ቁልቁል ወደ ቆቦ። ከቅድሙ ይልቅ ጠልቆ... ከባድ ሸክም እንዳዘለ ሰው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እናቴ ቤት ደረስኩ። ያ የማይዘጋ በር ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝ።

"እሽ... ቀስ በይ" አለች በሹክሹክታ። "ወንድምሽ ታጥቦ ተኝቷል።"

በእጇ ገበቴ ይዛለች።

"አዝሎ ያመጣው እንግዳ ግን ደጅ ቀርቷል። ልጠበው?"

ዞር ብዬ የደጁን መድረክ አየሁ። ሰው የለም። ሁለት የእግር ዱካ ብቻ... ወደ በሩ የዞሩ፣ በቀይ አፈር የታተሙ። ገና አልደረቁም።

"አትጠቢው" አልኩ።

ገባሁ፤ በሩንም እኔው ራሴ ዘጋሁት።

ከውጭ... ዋሽንት ተሰማ።