በነጠላ ጫፍ የታሰረ ቁልፍ

«ቀጭ» አለና ቁልፉ ተሰበረ።

ፈንታሁን እጁ ላይ የቀረውን ስባሪ አገላብጦ አየው። ጥርሱ ያለበት ግማሽ መኪናዋ ውስጥ ቀርቷል። «አይ አሮጌ ዕቃ!» ብሎ መሪውን በቡጢ መታው።

ልጁ አስቻለች ከኋላ ወንበር ሆና ሁሉንም አየች። ከኋላ! ከፊት፣ ከአባቷ ጎን የተቀመጠችው እንቁ ናት። የአሥራ አራት ዓመቷ አስቻለች በቁልፉ መሰበር ከማዘኗ በፊት «እሰይ!» አለች በሆዷ። ዛሬ እንቁ በመኪና ተንፈላስሳ ገበያ አትወርድም ማለት ነው።

እንቁ የእሷ እኩያ ናት። አምና ረሀቡ ከአምባሰል አፈናቅሏት ደሴ መጠለያ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሳለ ፈንታሁን አገኛትና ወደ መካነ ሰላም ይዟት መጣ። መጀመሪያ አስቻለች ራሷ ናት ቀሚሷን ያካፈለቻት። በኋላ ግን አባቷ ውሃ ሲጠማው «እንቁ!» ማለት ጀመረ። መኪና ሲያጥብ እንቁ፣ ጎማ ሲነፋ እንቁ። አስቻለች በቅናት «ምን ጎደለኝ?» እያለች ከረመች።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት። ባሕር ማዶ ሌላ ሰው ሲነዳት ኖሮ ካረጀች በኋላ በምጽዋ ገባች፤ አቶ ብዙነህ የሚባሉ የመካነ ሰላም ነጋዴ አስመራ ላይ ገዝተዋት ፈንታሁንን ሾፌር አድርገው ቀጠሩት። መሪዋ በቀኝ ነው፤ ቁልፏም አንድ ብቻ። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ደግሞ የእርዳታ እህል ከአቀስታ መጋዘን የምታመጣው እሷ ሆናለች። ፈንታሁን ስባሪውን በጉጠት ጎትቶ ካወጣ በኋላ ሽቦ አገናኝቶ ሊያስነሣት ሞከረ፤ ጭስ ቢወጣ ጊዜ አቶ ብዙነህ ከሱቃቸው እየሮጡ መጥተው «ሁለተኛ እንዳትነካካት! ቁልፍ አስቀርጽ!» ብለው ጮኹበት።

ማታ እራት ላይ ፈንታሁን «ነገ በጀብሪል የጭነት መኪና፣ በኤንትሬው፣ ደሴ እሄዳለሁ» አለ። «ፒያሳ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አረብ አለ። ሁለቱን ስባሪ ገጥሞ በልኩ ያወጣልኛል።»

አስቻለች ጉርሻዋን ሳትውጥ «እኔም እሄዳለሁ! ፈተናውን ካለፍሽ ደሴ አሳይሻለሁ ብለኸኝ የለ? ይኸው ሁለተኛ ወጣሁ!» አለች።

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። «ብዬሻለሁ። ግን የጀብሪል ጋቢና ቦታ ያለው ለእኔና ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እንቁን ልውሰዳት። ምናለ የሚባለው ወንድሟ መጠለያው ሲቀበለው ታሞ ነበር። ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የነገራት የለም።»

እናቷ ቦጋለች «ደግ አሰብክ» አለች። ደግ መሆኑን አስቻለችም አላጣችውም። እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት፤ የምትከራከርበት እንኳ አልተወላትም።

ፈንታሁን ሁለቱን ስባሪ ለእንቁ ሰጣት። «የኔ ኪስ ወንፊት ነው። አንቺ ያዢው፤ አንቺ ዕቃ አይጠፋብሽም።» ወደ ልጁም ዞሮ «አንቺማ አንገትሽ ባይዘው ራስሽንም ትጥይው ነበር» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። አስቻለችም አብራ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እንቁ ስባሪዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረቻቸው።

ጠዋት እንቁ ደጅ ፊቷን ስትታጠብ ነጠላዋ መደቡ ላይ ነበር። አስቻለች ቋጠሮውን ፈታች፤ ጥርስ ያለውን ስባሪ አወጣችና መልሳ ቋጠረችው። አባቷ ሳይሳፈር ቁልፉን ማየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እንቁ ትንተባተባለች፤ እሱም «ምነው አስቻለችን በያዝኩ!» ይላል። ሐሳቧ ከዚህ አላለፈም።

እነሱ ሲወጡ እሷም ደብተሯን ይዛ ወጣች። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የእርዳታ እህል የሚጠብቀው ሰው ባዶ ስልቻውን ታቅፎ ከወዲሁ ተቀምጧል። አንዲት እናት ያዘለችውን ሕፃን እያባበለች «የኔ ልጅ፣ ያቺ መኪና ዛሬም አትመጣም ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት።

አስቻለች የጨበጠችውን ስባሪ አየች። አባቷ ቋጠሮውን ሳይፈታው ቢሄድስ? ግማሽ ቁልፍ ይዞ ደሴ ቢደርስስ? መሮጥ ጀመረች። እየሮጠችም የምትለውን አዘጋጀች፤ «ጥላው አገኘሁት» ትላለች። እህሉም ይመጣል፣ እንቁም ዕቃ ይጠፋባታል ይባላል።

የጀብሪል ኤንትሬ በሰዓቱ ተነሥቶ አያውቅም። አስቻለች በዚህ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነው። አባቷና ጀብሪል ከኋላ ጭነት ያስራሉ። እንቁ ጋቢና ውስጥ ብቻዋን ቋጠሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። አስቻለች በሩን ከፍታ መርገጫው ላይ ወጣች።

«ይኸው፣ መሬት ላይ ጥለሽው...»

«ስትፈችው አይቼሻለሁ» አለች እንቁ ቀስ ብላ።

አስቻለች ደነገጠች። «አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቤቱ የናንተ ነው። አንቺን ከስሼ የት እገባለሁ?» እንቁ ቀና ብላ አላየቻትም። «ደሴ ስንደርስ ጠፋብኝ ልላቸው ነበር። ምናለን ካየሁት ወዲያ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ።»

በዚህ መሐል ፈንታሁን እጁን እያራገፈ መጣ። «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው የሮጥሽው?»

እንቁ ቀደመቻት። «ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነበር ጋሼ። አግኝታ አመጣችልኝ።»

ፈንታሁን ፊቱ ጠቆረ። «አንቺም እንቁ? በአንቺ ተማምኜ!»

አስቻለች ከትናንት ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። አሁን ስትሰማው የተሰደበች ያህል ጆሮዋ ጋለ። ጀብሪል ከኋላ «አብሽሪ ልጄ፣ ተገኘ አይደል!» እያለ እንቁን ያጽናናል። ዝም ብትል በዚሁ ያልቃል።

«አልጠፋባትም» አለች። «እኔ ነኝ ፈትቼ የወሰድኩት። እሷን እንድትቆጣት ብዬ።»

ፈንታሁን «ስመለስ» አለና ወደ ጭነቱ ዞረ። ጥፊ ቢያቀምሳት ይሻላት ነበር።

እንቁ ስባሪውን ተቀብላ ስትቋጥር ቆየች። ከዚያ ወደ መሐል ተጠጋችና ከጎኗ ያለውን ጠባብ ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ጋሼን እኔ እለምንልሻለሁ። ከተጣበብን ሦስት እንሆናለን። ነይ፣ ደሴን እይ።»

አስቻለች ቦታውን አየችው። ቀጭን ናት፤ ይበቃታል። ፒያሳን፣ ፎቆቹን፣ የአረቦቹን ሱቅ ሁሉ ባንዴ አሰበች።

«ምናለን ይዛችሁ ስትመለሱ እሱ የት ይቀመጣል?» አለችና ወርዳ በሩን ከውጭ ዘጋችው።