አንድን ይጫኑ

ልጅቷ የተገኘችው ድምፅ በምትቀዳባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንገቷ በማዳመጫው ገመድ ታንቋል። ደረቷ ላይ እጩው ፈገግ ያለበት ፖስተር ለሁለት ተቀዶ ተጥሏል። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ስሟን ከዘመቻ ቢሮው ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ድምጿን ግን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ምርጫው ከቀረበ ወዲህ በየቤቱ እየደወለ «ጤና ይስጥልኝ፤ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ» የሚለው የእሷ ድምፅ ነው። ከተስማሙ አንድን፣ ካልተስማሙ ሁለትን ይጫኑ። እጩው መድረክ ላይ የሚናገራት እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በእሷ አንደበት በስልክ ትፈተናለች። «አንድ» የተጫነላት ሰው የበዛው ንግግር ትሆናለች፣ ሌላዋ ትጣላለች። ሰውየው ለሚስቱ ደህና አደርሽ ለማለትም መቶኛ ይጠብቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ምርመራው የተሰጠው ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» እያሉ ለሚጠሩት መርማሪ ነው። ቃሏ ከአፉ አትጠፋም። በዚያ ሰሞን ግን ቀስ የሚልለት አላገኘም። ፖስተር ሲቀድ በተደጋጋሚ የተያዘ፣ የተቃራኒው ወገን ደጋፊ የሆነ ጎረምሳ ታስሯል። ጣቢያው በር ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ልጁን ስጡን ይላል። አለቃውም ክሱን ቶሎ እንዲጽፍ ወጥሮ ይዞታል። ከተጻፈ ጎረምሳው ከሞት አይተርፍም።

መርማሪውን አንድ ነገር ከነከነው። በሟቿ ጥፍር ስር የሰው ቆዳ ተገኝቷል፤ ጎረምሳው ገላ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለችም። አለቃው ይህን ሲሰማ፣ ላቦራቶሪው መልስ እስኪሰጠን ከተማው ይቃጠላል አለው።

በዘመቻ ቢሮው የስልክ መልሶቹን ቁጥር የሚያሰላው ባለሙያ ልጅቷን ለትዳር ጠይቋት እምቢ እንዳለችው ተሰማ። ቀስ በሉ ቀን ሙሉ አፋጠጠው። ሆኖም ሰውየው ልጅቷ በሞተች ዕለት ሆስፒታል እናቱን ሲያስታምም እንደዋለ ነርሶቹ መሰከሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚደውለውን ማሽን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ከቀብሯ በኋላም ድምጿ በየቤቱ ይገባል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤተሰቡ ይተያያል። አንዲት ሴትዮ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምታ «አይዞሽ» አለቻት ተባለ።

መርማሪው ቤቱ ሲገባ እናቱን ስልኩን በፎጣ ጠቅልላ አገኛት።

«ያቺ ልጅ ደወለች» አለችው።

«እማ፣ ማሽን ነው እኮ። ድሮ የተቀዳ ነው።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ግን መሞቷን ቀድማ ታውቅ ነበር እንዴ?»

ጫማውን ሊያወልቅ እንዳጎነበሰ ቀረ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ጉልበቴን አሞኝ የተኛሁ ጊዜ ደውላ፣ ‹ለእጩው የምትሠራ ወጣት ሴት በተቃራኒው ወገን ብትገደል፣ እጩውን ይመርጣሉ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

እናቱ ጉልበቷን የታመመችው ልጅቷ በሕይወት ሳለች ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።

ባለሙያው በዚህኛው ዙር አልካደም። ጥያቄውን ያመጣው የዘመቻው ኃላፊ ነው፤ እንዲያው ለሙከራ ብሎ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ። ለግማሹ የዘመቻው ሹፌር ቢገደል፣ ለግማሹ ወጣት ሴት ብትገደል ተብሎ ተጠየቀ። የሴቷ ጥያቄ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ሥራ ከተጠየቁት ሁሉ የበለጠ «አንድ» አገኘ። ውጤቱን ለኃላፊው ብቻ አስረከበ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ሲባል አንገቱን ደፍቶ፣ ፈርቼ ነው አለ። ጥያቄው ሲነበብ የተቀዳው፣ ገና ያልተቆረጠው ቅጂ አሁንም ማሽኑ ውስጥ ነበር።

ኃላፊው ጥቁር ለብሶ መጣ። በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲያለቅስላት የሰነበተ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎታል።

«ስለ መገደል የሚጠይቅ ነገር አስቀድተዋታል?» አለው መርማሪው።

«ኧረ በፍጹም። ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

መርማሪው ቅጂውን ከፈተው። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። የልጅቷ ድምፅ ጥያቄውን አነበበ። ቀጥሎ የኃላፊው ድምፅ፣ «‹ብትገደል› የሚለው ላይ ዝቅ በይ፤ ትንሽ ኀዘን ጨምሪበት» አላት። ልጅቷ ሳቀች።

«ውይ፣ ምስኪን። ማን ናት ግን?»

«ማንም አይደለችም። ዝም ብሎ ጥያቄ ነው።»

ጉሮሮዋን ጠራርጋ እንደገና አነበበችው። በኀዘን፣ አሳምራ።

ቀስ በሉ በሥራው ስንት ሬሳ አይቷል። ይህን ድምፅ ሲሰማ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀውም።

«እጅጌዎን ይሰብስቡ» አለ።

ክንዱ ላይ አራት የጥፍር ጭረት ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው ሁሉንም ተናገረ። እጩው ሊሸነፍ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ለዚህ ወንበር ነው። እሷን የመረጠው ሕዝቡ ድምጿን ስለሚወደው ነው። መስኮቱን ራሱ ከፈተ፣ ፖስተሩን ራሱ ቀደደ።

«ለምን ጠየቁ ግን?» አለው መርማሪው። «ባይጠይቁ ኖሮ አንይዝዎትም ነበር።»

ሰውየው ግር ያለው መሰለ።

«ሳልጠይቅ ሠርቼ አላውቅም» አለ።

ጎረምሳው በጓሮ በር ተለቀቀ። ማሽኑም ጠፋ። መርማሪው ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። እናቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠችው።

«ሰዉ አይሆንም ቢለው ኖሮ ልጅቷን ይተዋት ነበር?» አለችው።

«ይተዋት ይሆናል።»

እናቱ ወደ ስልኩ ተመለከተች።

«እኔ አዘንኩላታ። ለማላውቃት ልጅ አንጀቴ ተላወሰ። እናም አንድን ተጫንኩ።»

መርማሪው አጠገቧ ተቀመጠ። አንቺ ምን አጠፋሽ ሊላት አፉን ከፈተ። ያን ትቶ የተጣጠፉ እጆቿን ያዘ።