የተለቀለቀው ጥቁር ጨርቅ

አብተው ሬሳው እንኳ ያስፈራ ነበር። ማጅራቱ በከሰል ካውያ ተፈርክሶ፣ ፊቱ በረኪና በሞላበት ሳፋ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ሊቀመንበር በሆነበት የልብስ ስፌት ማኅበር ወለል ላይ እንደተደፋ አድሯል። ጠዋት ከሳፋው ሲያወጡት የፊቱ ቆዳ ነጥቶ ተልጧል። ካውያው አጠገቡ ወድቋል፤ ጸጉርና ሥጋ ተጣብቆበታል።

ሃምሳ አለቃ ነጋሳ ቁርሱን ሳይቀምስ ሬሳ ማየት አይወድም። ደግሞ የናዝሬት ሬሳ ሁሉ ቁርስ ሰዓት ላይ ነው የሚጠራው። እያጉረመረመ አስከሬኑን ዞረው።

«እንዲህ የሚመታ ሰው ተናዶ ነው እንጂ አስቦበት አይደለም» አለ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ወዬሳ በሩን ተደግፎ ጠመንጃውን ያሻሻል። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ምን ያደክምዎታል? ገዳዩን ይዘናል።»

«ማነው?»

«መርዳሳ፣ ጨርቅ ቆራጩ። ትናንት በሰው ፊት የአብተውን አንገት አንቆ ‹ራስህን እፈረክሰዋለሁ› ብሎታል። ማታ ዘበኛው ሬሳውን እንዳገኘ ከቤቱ ወደ ቀበሌ አመጣነው። ወፌ ላላ ገልብጠን ውስጥ እግሩን ስንገርፈው አደርን። እኩለ ቀን ላይ ወደ በላይ አካል እንልከዋለን።»

«አመነ?»

«ያምናል።»

ወደ በላይ አካል የተላከ ሰው ልብሱ እንኳ እንደማይመለስ ነጋሳ ያውቃል። ቁርሱን ረሳው።

ማኅበሩ ስም ያወጣው በሁለት ሰዎች እጅ ነበር። ፋዲላ ብሩሽ በረኪና ውስጥ እየነከረች ጥቁር ካኪ ላይ ቅርንጫፍና ወፍ ታወጣለች፤ በረኪናው ቀለሙን በበላበት ቦታ ሥዕሉ ይወጣል። ሙሉብርሃን ደግሞ በጋለ ብረት ከፋይ ላይ አበባ ይተኩሳል። ነጋሳ መጀመሪያ እሱን ጠራው።

«አንተ በረኪና ትነካለህ?»

ሙሉብርሃን መዳፉን ዘረጋ። በቃጠሎ ተሰነጣጥቋል። «በዚህ እጅ? አንድ ጠብታ ቢነካኝ አገር ይሰማኛል። ትናንት ከመርዳሳ ጋር አብረን ወጥተን መንገድ ላይ ተለያየን። እነሱን ትተናቸው ነው የሄድነው።»

«እነማንን?»

«አብተውንና ፋዲላን።»

ፋዲላ ስትገባ ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል፤ ድምጿ ግን የረጋ ነው።

«የመጨረሻ ሥራሽ የቱ ነው?»

ገመድ ላይ የተሰጣውን ጥቁር ጨርቅ አሳየችው። «ያ። ሥዬ፣ ለቅልቄ፣ አስጥቼው ወጣሁ። አብተው ያኔ ደህና ነበር፤ ብቻውን ቀረ።»

«ጎበዝ ነሽ» አላት፤ ከልቡ ነበር። ሥዕሉ የሸክላ ቀለም ይዞ እንደ እውነተኛ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል።

ብቻውን ሲቀር ነጋሳ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ተጠጋ። ደም ተረጭቶ ደርቆበታል፤ መሐሉ ላይ ግን ምንም ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ። ጨርቁን ከገመዱ አውርዶ እዚያ ላይ አነጠፈው። ጠርዙ ከጠርዝ ገጠመ። ከዚያ ቁራጭ ጥቁር ካኪ ፈልጎ በበረኪና ቀባና ሲጋራውን ለኮሰ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። መርዳሳን ሁለት ጥበቃዎች ተሸክመው አመጡት፤ እግሩ አብጦ ተተልትሏል፣ መሬት አይረግጥም።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ነጋሳ። «አብተው ሲመታ ደሙ ጠረጴዛውን ሁሉ አለበሰው። መሐሉን ያልነካው ይህ ጨርቅ ተነጥፎበት ስለነበረ ነው። ስለዚህ ደሙ ያረፈው ጨርቁ ላይ ነው። ዛሬ ጨርቁ ላይ ደም ታያላችሁ?»

«የለም» አለ ወዬሳ።

«ጀርባውን ገልብጠው። ታጥቦ የገረጣ እድፍ አለ። ገዳዩ ከገደለ በኋላ ጨርቁን አጥቦ አስጥቷል።»

«መርዳሳ ነዋ፣ ማስረጃ ሊያጠፋ።»

«ጠረጴዛውንና ካውያውን በደም ትቶ ጨርቅ ያጥባል?» ነጋሳ የቀባውን ቁራጭ አነሳ። ነጭ ሆኗል። «ይህን ስቀባው መጀመሪያ የሸክላ ቀለም አወጣ። ሲጋራዬን ሳልጨርስ ነጣ። ዝም ቢሉት ጨርቁንም ይበሳዋል። ይህኛው ሥዕል ግን ገና ሸክላ ነው። እንደተሣለ ወዲያው ውሃ አግኝቷል ማለት ነው። ሥዕሉ፣ ምቱና እጥበቱ ሦስቱም ተከታትለው ነው የሆኑት። ሠዓሊዋ ደግሞ ለቅልቄ አስጥቼ ስወጣ ሰውየው ደህና ነበር ብላኛለች። ታዲያ ደሙ ሲረጭ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

ሁሉም ወደ ፋዲላ ዞሩ። እሷ ጨርቁን ነው የምታየው።

«ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት አውጥተው ገድለው አስፋልት ላይ ጣሉት» አለች። «ማን እንደጠቆመው አላውቅም ነበር። ትናንት ሥዕሉን ስጨርስ፣ ከማኅበሩ ልልቀቅ ብዬ አብተውን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ‹ወንድምሽም እንዲህ ያደርገው ነበር፤ የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺንም አያቅተኝም› አለኝ። ዞር ሲል በካውያው መታሁት። ሳፋው ውስጥ ተደፋ። ከወደቀም በኋላ መታሁት፤ ስንቴ እንደሆነ አላውቅም።» ወዬሳን ቀና ብላ አየችው። «የወሰዱት ብዙ ነበሩ።»

ወዬሳ ፊቱን አዞረ።

«ከዚያስ?» አለ ነጋሳ።

«ጨርቁን አየሁት። እየተበላ ነበር።»

ነጋሳ አዘነላት፤ ተናደደባትም። «ጨርቁ ሲበላ ማየት አላስቻለሽም። ቤትሽ ከቀበሌው ጀርባ ነው። ይህ ሰው ሲጮህ አላደረም?»

«ሰምቼዋለሁ» አለች። «ሁለቴ በሩን ከፈትኩ። ፈራሁ።»

ወዬሳ ክንዷን ሊይዝ ሲጠጋ ነጋሳ መሐል ገባ። «በፖሊስ እጅ ናት። መርዳሳን ደግሞ ፍታው፤ አሁን።»

ጥበቃዎቹ ሲለቁት መርዳሳ ግድግዳው ሥር ተንሸራቶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ውሃ» አለ።

ከሁሉም ቀድማ ፋዲላ ተነሳች። ከእንስራው ቀድታ ተንበረከከችና ጣሳውን ዘረጋችለት። «ይቅር በለኝ፣ መርዳሳ።»

መርዳሳ ጣሳውን አየው። እሷን አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ጣሳውን እንደዘረጋች ቀረች። ነጋሳ ጣሳውን ተቀብሎ ሲያቀርብለት ግን በሁለት እጁ ይዞ እስኪያልቅ ጠጣ።